በሁለት ቋንቋ የተነገረ በረሃ

አጎቴ ጋሼ ተሻገር ከኦጋዴን በረሃ የተመለሰው እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አልለይ ባለበት ሰሞን ነበር። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው ዳገት ላይ ስለሆነ ከታች የሚመጣ ሰው ገና ከሩቅ ይታየን ነበር። ያን ቀን ግን ጉሙ ሐይቁንም መንገዱንም ውጦት ስለነበር፣ ውሻው ሲጮህ ብቅ ብንል ግቢያችን መካከል ቆሞ አገኘነው። የካኪ ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ ከብዶታል። ፊቱ ከስሏል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ የግራ ዓይኑን ነጭ ነገር ሸፍኖታል። አባቴ ወንድሙ መሆኑን ያወቀው ድምፁን ሲሰማ ነው።

እኔ አላውቀውም ነበር። ለውትድርና ተቀጥሮ ሲሄድ ገና ጡት አልጣልኩም። የሄደው ደግሞ ብቻውን አልነበረም፤ የጎረቤታችን የእማማ ስመኝ ልጅ አንለይ አብሮት ነበር የተቀጠረው። አንለይ ለእናቱ አንድ ነው፤ አባቱ ቀደም ብሎ ሞቷል። ሲሄድ ጢሙ እንኳ በቅጡ አላቀመቀመም ነበር ይላሉ። እማማ ስመኝ አጎቴን ደጃፋቸው ላይ አቁመው «ታላቁ አንተ ነህ፤ ይዘህልኝ ና» ብለው አደራ እንደሰጡት እናቴ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች።

እማማ ስመኝ የመምጣቱን ወሬ የሰሙት ወዲያው ነው። ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ በጭቃው እየተንሸራተቱ መጡ። የአጥራችን በር ላይ ቆመው የሚያዩት ግን አጎቴን አልነበረም፤ ከኋላው ያለውን ጉም ነበር።

«ልጄስ?» አሉት በአገራችን ቋንቋ፣ በአውንኛ።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ የካፖርቱን ጫፍ ጨመቀ።  ከዚያ «ደህና ነው እማማ፤ እዚያው ቀርቷል» አላቸው። እማማ ስመኝ ተደፍተው መሬቱን ሳሙ።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ፣ ከብቶቹ ገብተው ፈረሶቹ ጋጣቸው ውስጥ ከታሰሩ በኋላ እራት እስኪደርስ ድረስ ያለችው ሰዓት የበረሃ ሰዓት ሆነች። አጎቴ መደቡ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ልጆቹ፣ የኛም የጎረቤትም፣ ቁርበት ላይ እንኮለኮላለን። እናቴ ረመጡ ውስጥ የቀበረችውን ድንች በእንጨት እየቆሰቆሰች ታወጣልናለች። እርጥብ እንጨት ስለሚነድ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ ኩራዙ ነፋስ በገባ ቁጥር ይርገበገባል። እማማ ስመኝ ከበሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ እንዝርታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የሚፈትሉት ለአንለይ መመለሻ ለሚያሠሩት ጋቢ ነበር። እንዲህ ውጭው ሁሉ ውሃ በውሃ ሆኖ፣ ጣሪያችን እያንጠባጠበ፣ እኛ ውሃ የሌለበትን አገር ወሬ እንሰማ ነበር።

«እዚያ መሬቱ ቀይ ነው» ይለናል። «ሣር የሚባል ነገር አታዩም። ጠዋት ብርድ ያንዘፈዝፋችኋል፤ ረፋዱ ላይ የጫማችሁ ሶል መሬቱን አልችለው ይላል። ጫማ ስታደርጉ ደግሞ አስቀድማችሁ አራግፉት፤ ጊንጥ ገብቶ ያድርበታል።»

ስለ ዛፎቹ ሲነግረን እጆቹን ያጣምም ነበር። ግራሩ ከላይ ሲያዩት ከሰው ቁመት ብዙ የማይበልጥ፣ ጠማማ፣ ቅጠሉ ከእሾሁ ያነሰ ነገር ነው፤ ሥሩ ግን ውሃ ፍለጋ ሰው ቆፍሮ ከሚደርስበት በታች ይወርዳል። ሌላ ደግሞ ግንዱ እንደ ጠላ ጋን የተነፋ ዛፍ አለ፤ ውሃውን ሆዱ ውስጥ ያቆራል፤ ቅጠሉን አራግፎ ዓመቱን ሙሉ የሞተ መስሎ ይቆምና አንድ ቀን አናቱ ላይ ቀይ አበባ አውጥቶ ይገኛል። ግመል የአሸዋ ነፋስ ሲመጣ አፍንጫዋን እንደ ስልቻ አፍ ትዘጋለች። እንደ ሰው በሁለት እግሯ ቆማ ከዛፍ ላይ ቅጠል የምትለቅም አንገተ ረጅም ሚዳቋ አለች፤ ከዚያ ቅጠል ርጥበት በቀር ውሃ የሚባል ሳትጠጣ ትኖራለች።

«ይሄስ ውሸት ነው!» ይላል ታላቅ ወንድሜ።

«ስትሄድ ታያታለህ» ይለዋል አጎቴ፤ አይቆጣም።

እማማ ስመኝ ደጋግመው የሚያስነግሩት የአንዲት ወፍ ነገር ነበር። ቆቅ የምትመስል ወፍ ናት። ጫጩቶቿን ከውሃ ርቃ ባዶ መሬት ላይ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ መብረር አይችሉም፤ በፀሐይ ደግሞ ጥም ይገድላቸዋል። ታዲያ አባትየው ማለዳ ተነሥቶ ሩቅ አገር በርሮ ውሃ ካለበት ይደርሳል፤ ጠጥቶ ሲያበቃ ውሃው ውስጥ ገብቶ የደረቱን ላባ ያርሰዋል፤ ያን እርጥብ ላባ ይዞ ይመለስና ጫጩቶቹ ሥሩ ገብተው ላባውን ይጠባሉ። አጎቴ ይህን ሲናገር ደረቱን በመዳፉ ያብስ ነበር። እማማ ስመኝ እንዝርታቸውን አቁመው «ወፏስ የልጅ ነገር ታውቃለች» ይላሉ።

ሌላው ደግሞ የዘሩ ነገር ነበር። ዝናብ ለዓመታት ሳይጥል ይቆይና አንድ ቀን ሲወርድ፣ ሞተ የተባለው መሬት ውስጥ ተኝቶ የኖረው ዘር ሁሉ ባንዴ ይነቃል። ጥቂት ቀን ቆይተህ ብትመለስ አገሩን አታውቀውም፤ ቀዩ መሬት በቢጫና በነጭ አበባ ተሸፍኖ ታገኘዋለህ። ከዚያ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይደርቃል፤ ዘሩን ጥሎ፣ የሚቀጥለውን ዝናብ ሊጠብቅ።

ከእያንዳንዱ ወሬ በኋላ እማማ ስመኝ ቀስ ብለው «አንለይስ?» ይሉታል። አጎቴም አንለይን እዚያው በረሃ ውስጥ ያስገባላቸዋል። አንለይ ጥልቅ ጉድጓድ ካላቸው ግመል ጠባቂዎች ጋር ነው። እነሱ ውሃ ሲቀዱ አንዱ ከታች ሌላው ከላይ ሆነው ባልዲውን እየተቀባበሉ ለግመሎቹ ይዘፍኑላቸዋል፤ አንለይ ዘፈኑን ተምሯል። ጉልበቱን ስለወደዱት አልለቀቁትም። አንዲት እንስት ግመል ሰጥተውታል፤ ስትወልድ ይመጣል።

«ጾሙንስ ይጾማል?»

«ይጾማል እማማ።»

«ወረቀትስ ለምን አይልክም?»

«ወረቀት አይደርስበትም። ፖስታ የሚወስደው ከተማ የብዙ ቀን መንገድ ነው።»

እሳቸውም ይህን ሰምተው፣ አመስግነው፣ ጨለማው ሳይበረታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የአንለይን ፈረስ ሽጡልኝ ብሎ በየጊዜው የሚጠይቃቸው ሰው ነበር፤ «ባለቤቱ ይመጣል» እያሉ አልሰጥም አሉ።

ይህን ሁሉ የሚናገረው በአውንኛ ነበር። እማማ ስመኝ አማርኛ አይሰሙም፤ ከሰላምታና ገበያ ላይ ከሚሰሟቸው ጥቂት ቃላት በቀር። እኛ ቤትም ያኔ ከአባቴና ከአጎቴ በስተቀር አማርኛ የሚችል አልነበረም። አጎቴ ግን ከውትድርና ይዞት የመጣው አንድ ሐሳብ ነበረው። «መጀመሪያ የሄድን ጊዜ» ይል ነበር አባቴን፣ «የሚሉንን አንሰማ፣ የምንላቸውን አይሰሙን፤ ዲዳ ነበርን። ይህቺ ልጅ ዲዳ አትሁን።» አባቴ ሴት ልጅ እንጅባራ ድረስ በእግሯ ተመላልሳ ትማራለች ማለት አልዋጥልህ ብሎት ነበር። አጎቴ ወር ሙሉ ነዘነዘው። በመጨረሻ ራሱ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት አስገባኝ።

ቋንቋው ቶሎ ገባኝ። በሁለተኛው ዓመት የእማማ ስመኝ አስተርጓሚ ሆኜ አረፍኩት። እንጅባራ ገበያ ሲሄዱ እኔን ይዘው ነው። ጤና ጣቢያ ወገባቸውን ሊያሳዩ ሲሄዱ በእሳቸውና ድሬሰር በሚባለው የሐኪም ረዳት መካከል የምቆመው እኔ ነኝ። ድሬሰሩ «እንዴት ያለች ጎበዝ ናት!» ሲለኝ፣ እሱንም ለእማማ ስመኝ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ከልባቸው ሳቁ። አንድ ሰው የተናገረውን ለሌላው ማድረስ ያኔ ከሁሉ የበለጠ ደስ የሚለኝ ሥራ ነበር። አንድ ቃል ሳልጥል፣ ሰውዬው ሳይጨርስ ከሥር ከሥር እየተከተልኩ ማድረስን ተለማመድኩ።

እንግዳው የመጣው እኔ ዐሥር ዓመት ሊሞላኝ ስል፣ ኅዳር ላይ፣ ገብሱ እየታጨደ ሳለ ነው። የዳንግላ ሰው ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ፈለቀ ይባላል። ከአጎቴ ጋር አንድ ጦር ሰፈር ውስጥ አብረው የኖሩ ናቸው። ከሠራዊቱ ተሰናብቶ አገሩ መግባቱ ነበርና፣ በጭነት መኪና እንጅባራ ድረስ መጥቶ፣ ዓይኑ የተጎዳውን ተሻገር የሚባል ወታደር እየጠየቀ ቤታችን ደረሰ። አጎቴ ሲያየው ማጭዱን ጥሎ ሮጠ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ማሳው መካከል ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ አይቼ ደንግጬ ነበር።

አመሻሹ ላይ እሳቱ ተቀጣጥሎ፣ ጠላ ቀርቦለት፣ እንግዳው መደቡ ላይ ካጎቴ ጎን ተቀመጠ። እማማ ስመኝ እንደ ወትሮው መጡ። እንግዳው ተነሥቶ እጅ ነሣቸው፤ እሳቸውም በሚያውቋት አማርኛ «ደህና ነህ ወይ?» አሉት። ማን እንደሆኑ የነገረው የለም። አባቴ ገና ከማሳ አልገባም ነበር፤ እናቴም ከጓዳ ናት። እኔ እማማ ስመኝ እግር ሥር ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ስለ እርሻ አወሩ። ከዚያ ስለ አለቆቻቸው እያነሡ ሳቁ። ቆይቶ እንግዳው ጠላውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተሻገር፣ እኔ እኮ ያችን ዛፍ እስካሁን በሕልሜ አያታለሁ» አለ።

አጎቴ ወደ በሩ፣ ወደ እማማ ስመኝ ዞር ብሎ አየ። አማርኛ እንደማይሰሙ ያውቃል። አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተነፈሰውን ነገር የሚያውቅለት ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ አሁን ነው የምረዳው። እኔን ግን ረሳኝ፤ አማርኛ እንድማር እጄን ይዞ የወሰደኝ እሱ ራሱ መሆኑን ረሳ።

«እኔም አያታለሁ» አለው በአማርኛ።

እማማ ስመኝ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ምን ይላል እንግዳው?» አሉኝ።

«ዛፍ በሕልሜ አያለሁ ይላል። የበረሃ ወሬ ነው» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው በርጩማቸውን ወደኔ አስጠጉ።

«መኪናዋ ባትሰበር ኖሮ…» አለ እንግዳው።

«መኪና ተሰበረችብን ይላል።»

«ሹፌሩ እዚሁ እንጠብቅ ብሎ ነበር እኮ። እኔ ነኝ ጉድጓዱ ቅርብ ነው ብዬ ሦስታችንን በእግር ያስነሣሁ። ቅርብ መስሎኝ! ከፊታችን ውሃ ሲያብለጨልጭ አይቼ!»

ይህን ሐሰተኛ ውሃ አጎቴ ነግሮን ስለነበር መተርጎሙ ቀለለኝ። «ውሃ ያልሆነ ውሃ አይተው ሦስት ሆነው በእግር ሄዱ» አልኳቸው።

«ሁለተኛው ቀን ላይ ኮዳው ሁሉ አለቀ» አለ አጎቴ። ዓይኑ እሳቱ ላይ ነበር። «ልጁ ግን ይዘፍን ነበር። ትዝ ይልሃል? ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ይዘፍን ነበር።»

«ሦስተኛው ቀን ወደቀ» አለ እንግዳው።

«ከመካከላቸው ልጅ የነበረው ወደቀ ይላሉ» አልኩ። ታሪኩ ይዞኛል፤ ትርጉሜ ደግሞ እንዲያ ሲያምር ሰምቼው አላውቅም።

እማማ ስመኝ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን! የማን ልጅ ይሆን? እናቱ ሰምታ ይሆን?» አሉኝ።

«ጭንህ ላይ ነው ነፍሱ የወጣችው» አለ እንግዳው። «እኔ ያቺ እሾሃም ግራር ሥር በሳንጃ መሬቱን ስቆፍር፣ አንተ ፊቱ ላይ ጥላ ትሠራለት ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅብን በእጃችን አፈር ጫንበት።»

ይህንንም ነገርኳቸው። ጭኑ ላይ ሞተ፤ ከግራር ሥር ቀበሩት፤ ድንጋይ አጠራቸው፤ አልኩ።

እንግዳው አማተበና ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ «አንለይ! አንለይ ወንድሜ፣ ነፍስህን በገነት ያኑራት!» አለ።

ያ ስም አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እማማ ስመኝ አልጮኹም። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ጣቶቻቸው ሲጠብቁ ብቻ ተሰማኝ። እንግዳው ምንም ሳያውቅ ቀጠለ፤ «አንድ ጠብታ እንኳ ተሻገር! ከንፈሩን የሚያርስለት አንድ ጠብታ እንኳ ሳያገኝ! ግመል ጠባቂዎቹ ጠዋት ከሚደርሱልን ማታውን ቢደርሱልን ምን ነበረበት?» ይህን አልተረጎምኩትም።

ያን ጊዜ አጎቴ ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። መጀመሪያ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ እጃቸው ያረፈበትን ትከሻዬን፤ ከዚያ አፌን። ገባው።

«ስንት ጊዜው ነው?» አሉት እማማ ስመኝ በአውንኛ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«አራት ዓመት እማማ።»

«አራት ዓመት። አርባው ሳይወጣለት። ተዝካሩ ሳይበላለት። እኔ እዚህ ተቀምጬ የወፍ ወሬ እሰማለሁ፤ ልጄ ያለ ፍትሐት ተኝቷል።»

አጎቴ ሊነሣ ሲል በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። በሩን ይዘው ተነሡና ወጡ። እንግዳው ግራ ተጋብቶ «ምን አሉ? ማን ናቸው?» እያለ ይጠይቃል። አጎቴ «እናቱ ናቸው» አለው። ሃምሳ አለቃው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ የእማማ ስመኝ ጩኸት ከቤታቸው በኩል ተሰማ፤ አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ።

ለቅሶው በማግስቱ ሆነ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ያኔ ነው ያየሁት። የአንለይን ፈረስ ጭነው፣ ለክት የነበረውን እጀ ጠባቡን በኮርቻው ላይ ዘርግተው፣ ሜዳው ላይ እየዞሩ አለቀሱለት። እማማ ስመኝ በአውንኛ ሙሾ ያወርዱ ነበር፤ ሐይቅ ዳር ያሳደግሁትን ልጅ እንዴት ጥም ወሰደው እያሉ ሕዝቡን ይጠይቁታል። አጎቴ ከሰዉ ተለይቶ ከቀርከሃው ሥር ለብቻው ቆሟል። የሚጠጋው አልነበረም። ሦስት ዓመት ያወራውን ያልሰማ የለም፤ እሳቸውን ያታለለ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ያታለለ ሰው ሆነ።

አባቴ ያን ቀን ገረፈኝ። «አፍሽ አያርፍም?» እያለ። አጎቴ ልምጩን ከእጁ ነጠቀውና ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ። አልቅሼ እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ «አንቺ ያጠፋሽው የለም» አለኝ። «አንድን ነገር በአንዱ ቋንቋ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ያወራሁት እኔ ነኝ። አንቺ ያገናኘሽው ነው እንጂ።» ያጽናናኝ መስሎት ነበር። እኔ ግን የእማማ ስመኝ ጣቶች ከትከሻዬ ላይ አልለቅ ብለውኝ፣ ለብዙ ቀን ትምህርት ቤት አንድ ቃል ሳልናገር ዋልኩ።

ከዚያ ወዲያ የበረሃ ወሬ ቀረ። የጎረቤት ልጆች ለጥቂት ቀን ከብት ሲገባ እየመጡ ቁርበቱ ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ግን እሳቱን ብቻ ይቆሰቁሳል። ትንሹ ወንድሜ «ጋሼ፣ ግመሏ ወለደች?» ብሎ ሲጠይቀው ተነሥቶ ወጣ። ልጆቹም እየቀሩ ቀሩ። አሁን ሳስበው አንድ ነገር ይገርመኛል፤ በእነዚያ ሁሉ ወሬዎች ውስጥ የተጠማ ፍጥረት አልነበረም። ዛፉ ሥር ያወርዳል፣ ሚዳቋዋ ከቅጠሉ ታገኛለች፣ ጫጩቶቹ ከላባው ይጠባሉ። ሁሉም እንዲጠጣ አድርጎ ነበር የሚጨርሰው።

እማማ ስመኝም ደጃችንን አልረገጡም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጃቸውን ራሴ ላይ ያሳርፋሉ እንጂ አያናግሩኝም። ገበያም ብቻቸውን መሄድ ጀመሩ፤ ያለ አስተርጓሚ፣ በጣታቸው እየጠቆሙ።

ዓመት ሞልቶ ተዝካሩ የተበላ ቀን አጎቴ ከሽማግሌዎች ጋር ሊታረቃቸው ሄደ። ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከአጥራቸው በር ላይ ተንበረከከ። እኔ ከእናቴ ጋር ዳቦ ይዤ ገብቼ ስለነበር ከእማማ ስመኝ ጎን ቆሜ አየዋለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ ሸብቷል።

«ለምን?» አሉት። 

«አስምሎኝ ነበር» አላቸው፤ ድንጋዩ ከብዶት ቀና ማለት አልቻለም። «ለእናቴ ሞተ አትበላት፣ ከኔ ሌላ የላትም ብሎ በእመቤታችን አስማለኝ። ከዚያ የምለው ጠፋኝ። አንዴ ደህና ነው አልኩ፤ በየቀኑ እየመጡ ሲጠይቁኝ እየጨመርኩ ሄድኩ።»

እማማ ስመኝ አንድ እርምጃ ቀረቡት። 

«ልጅ ነበር» አሉት። «ልጅ በጭንቁ ሰዓት የመጣለትን ይናገራል። ትልቁ አንተ ነበርክ።»

 የአጎቴ እንባ አፈሩ ላይ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ እማማ ስመኝ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከጫንቃው አወረዱለት። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበልህ» አሉት። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፤ ሴቶቹ እልል ለማለት ፈሩ።

ሊገቡ ዞር ካሉ በኋላ ግን ተመለሱ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አሉት። «ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ውሃ ቀምሷል?»

አጎቴ ቀና አለ። ደህናው ዓይኑ እኔ ላይ ሳያርፍ አለፈ። «ቀምሷል እማማ» አላቸው። «ከኮዳዬ የተረፈችውን ትንሽ ውሃ እኔ ነኝ ያጠጣሁት። ከንፈሩ ርሶ ነው የሄደ።»

አዩት። ሦስት ዓመት ያመኑት አፍ ነው፤ እንዴት ይመኑት? ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩና፣ ከዚያች ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ።

«አንቺ እንግዳው ሲናገር ሰምተሻል። እሱም እንዲህ ብሎ ነበር?»

ዐሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። የሃምሳ አለቃው ቃል አንድም ሳይጎድል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ «አንድ ጠብታ እንኳ» ያለው። ሽማግሌዎቹ ያዩኛል፤ እናቴ ታየኛለች። አጎቴ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

«አዎ እማማ» አልኩ። «ውሃ አጠጣው ብሎ ነበር። ጠጥቶ ነው የሞተው ብሏል።»

እማማ ስመኝ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ፤ ሰውነታቸው ሲላላ እናቴ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በሁለተኛው ክረምት ሞቱ። ታመው ሳሉ በየማታው የሚያስታምማቸው፣ ውሃ በቅል እያቀረበ የሚያጠጣቸው አጎቴ ነበር። ስለዚያች ቀን እሱም አንድም ጊዜ አላነሣብኝ፣ እኔም አላነሣሁበት፤ እሱም እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ኖርን።

እኔ አድጌ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆንኩ፤ ዳንግላ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዳኛና በባላገር መካከል ቆሜ ነው። ሥራ ስጀምር ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ ብዬ ምያለሁ፤ ጠብቄዋለሁም። የሚናገረው ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ ግን አፌን አልከፍትም። ዳኞቹ ስለምዘገይባቸው ይነጫነጩብኝ ነበር፤ ምክንያቱን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

የነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአቴን ሰምተዋል። በዚያች ማታ በእማማ ስመኝ ጆሮ ስላፈሰስኩት እውነትም ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ልጁ ፍትሐት ያገኘው በአንቺ አይደለም ወይ?» ብለው አጽናንተውኛል። ልክ ናቸው፤ እኔ ግን ዛሬም ይቆጨኛል። በተዝካሩ ቀን አጥሩ በር ላይ ቆሜ የዋሸሁትን ግን አልነገርኳቸውም። ብናዘዘው ተጸጽቻለሁ ማለት ይኖርብኛል። አልተጸጸትኩም።